ስሙ የማይጠራ እስረኛ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ሰው የጻፉትን አነበብኩ። «ማረሚያ ቤት ሆቴል ሆኗል፣ ወንጀለኛው በእኛ ግብር እየበላ ይተኛል» ይላል። ጋዜጣውን የገዛሁት ለሥራ ማስታወቂያው ነበር። ማስታወቂያውን ትቼ ይህንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በጸሐፊው አልተቆጣሁም። እኔም ከመታሰሬ በፊት ስለ እስር ቤት የማውቀው በመኪና ሳልፍ የማየውን አጥር ነበር። «እየበላ ይተኛል» የምትለዋ ግን አልዋጥልህ አለችኝ። መብላቱንም መተኛቱንም አውቃቸዋለሁ። 2 ዓመት ከ8 ወር በልቼ ተኝቻለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ 19 ዓመት ነድቻለሁ። በግንቦት 2010 አንድ ምሽት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ከተማ መግቢያ ጋ ሰው ገጨሁ። ሰውየው እዚያው ሞቱ። ፈጥኜ ነበር። ጭነቱን በማግስቱ ጠዋት ማድረስ ነበረብኝ፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆንም። ፍርድ ቤቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ 4 ዓመት ፈረደብኝ። ሁለት ሦስተኛውን ጨርሼ በጥር 2013 በአመክሮ ወጣሁ። ፍርዱ በዛብኝ አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። በአካባቢው ባህል ሽማግሌዎች ገብተው ጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ተከፍሏል፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር ታርቀናል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ «ያለ ጥፋቴ» የሚል ሰው ደብዳቤ አይደለም።

የማረሚያ ቤቱንም ስም አልጽፍም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እኛን አይመለከትም» ይላሉ።

ከመተኛቱ ልጀምር። ገና ስንገባ የተቀበለን ካቦው ነው። ካቦ ማለት ከእስረኞች መካከል የሆነ የክፍሉ አለቃ ነው። መኝታ የሚሰጠው እሱ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ስንዝር ተኩል። የሚለካው በካቦው ስንዝር ነው፤ የእኛ ካቦ ደግሞ እጁ ትንሽ ነበር። አዲስ ገቢ በር ሥር ነው የሚተኛው። በር ሥር ባልዲው አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተቆጥረን ከተቆለፈብን፣ እስኪነጋ ድረስ ሽንት ቤታችን እሱ ነው። የሚሄድም የሚመጣም በላይህ ነው የሚያልፈው። አንዳንዱ እንቅልፉ ሳይለቀው ይመጣና አይስተካከልለትም። ይበቃል፣ ከዚህ በላይ አልገልጸውም።

በጀርባ መተኛት የለም። ሁላችንም በቀኝ ጎናችን እንጋደማለን። ሌሊት ላይ ጎኑ የዛለበት አንዱ «ዙር!» ይላል። 60 ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። አንድ ሰው ካልዞረ ትርምስ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ነገሩ ያስቀኝ ነበር። አሁን ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ነቅቼ እዞራለሁ። ባለቤቴ «ማን ጠራህ?» ትለኛለች።

ከበር ወደ ግድግዳ ለመዛወር ወይ መቆየት ነው ወይ መክፈል። ክፍያው በስኳር፣ በሳሙና፣ በበሶ ነው። እኔ በአራተኛው ወር ግድግዳ ያዝኩ። ብልጥ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሚስት ስለነበረችኝ ነው። በር ሥር አጠገቤ ይተኛ የነበረው ልጅ ግን ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ እዚያው ነበር። እኔ ወጥቼ ከሄድኩ በኋላም እዚያው ቀረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ጎረቤቴ ልበለው።

ምግቡን አልክድም፣ ይሰጣል። ጠዋት ሻይና ዳቦ። ለምሳና ለራት እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ። ክክ ወጥ ይባላል እንጂ ክኩ ስሙን ሰጥቶ የቀረ ነው የሚመስለው። በዚያ መኖር ይቻላል? ይቻላል፣ ጎረቤቴ ኖሮበታል። ሌሎቻችን ግን ከውጭ በሚገባ ስንቅ ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ በ15 ቀን አንዴ ትመጣ ነበር። እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች፤ ያልተሸጠውን አድርቃ ድርቆሽ ታደርግልኛለች። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ በዓል ሲሆን ጭኮ። የማይበላሽ ነገር መሆን አለበት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ በ11 ሰዓት መናኸሪያ ትደርሳለች። እኔ ያለሁበት ከተማ ስትገባ 4 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ሰልፍ። ከዚያ ፍተሻ። ፈታሹ እንጀራውን እያገላበጠ በእንጨት ይወጋዋል። «ቅመሺ» ይላታል፤ ከየዕቃው እየቆነጠረች ትቀምሳለች። አንድ ቀን ዱቄት አይገባም ተብሎ 3 ኪሎ በሶ ይዛ ተመለሰች። በሚቀጥለው ጊዜ ያው በሶ ገባ። ማን እንደከለከለ፣ ማን እንደፈቀደ እስካሁን አላውቅም።

ይህ ሁሉ ለ10 ደቂቃ ነው። እኛ በዚህ አጥር፣ ጠያቂው በዚያ አጥር፣ መሃሉ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ክፍት ቦታ። በሁለቱም በኩል 30 40 ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል። በሐምሌ 2011 ባለቤቴ የሆነ ነገር ደጋግማ ጮኸችልኝ። እኔ «8 ሰዓት አለፈ!» ያለችኝ መሰለኝ። «እሺ፣ ሂጂ፣ መኪና እንዳያመልጥሽ!» አልኳት። ፊቷ ጥቁር አለ፣ ሄደች። ለካ «ልጅቷ 8ኛን አለፈች!» ነው ያለችው። የሚኒስትሪ ፈተና ማለፏን ነው። ይህን ያወቅኩት በ15ኛው ቀን ነው። እስከዚያ እሷ፣ የልጁም ነገር ግድ የለውም ብላ ታዝናለች። እኔ ደግሞ መኪናው አመለጣት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

እንግዲህ እኔ ባለ ዕድሉ ነኝ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ጠያቂ ማለት ሳሙና ማለት ነው። ብርድ ልብስ፣ ስኳር፣ ቻርጅ የተደረገ የእጅ ባትሪ፣ የጠበቃ ስልክ ቁጥር፣ መድኃኒት ማለት ነው። ዳኛው የሚወስኑት ዓመቱን ነው። ዓመቱ እንዴት እንደሚያልፍ የሚወስነው ጠያቂ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሕግ የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በጠያቂ ሌላው ያለ ጠያቂ ሁለት የተለያየ ቅጣት ሲቀጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎረቤቴ የመጣው ከጋሞ ደጋ ነው። በ20ዎቹ አጋማሽ ያለ ልጅ ነው። እኔን «ጋሼ» ይለኛል። ከአገሩ የወጣው ለቀን ሥራ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እርሻ ላይ ነበር። በ2008 በደሞዝ ጉዳይ ጠብ ተነሳ፣ በዱላ የመታው ሰው ሞተ። 15 ዓመት። እሱም እንደ እኔ ፍርዱን አይከራከርም። እናቱ ደጋ ላይ ናቸው፣ አሮጊት ናቸው፣ ስልክ የላቸውም። ከቤታቸው እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ያውም ብሩ ካለ። መታሰሩን ይወቁ አይወቁ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። አንድ የአገሩ ልጅ መልእክት አደርሳለሁ ብሎ ሄዶ አልተመለሰም።

እስረኛን ወደ በር የሚጠራው ራሱ እስረኛ ነው። ጠሪ እንለዋለን። ቅዳሜና እሁድ ከበር ብጫቂ ወረቀት ይቀበልና በየክፍሉ እየዞረ ስም ይጮሃል። በእነዚያ ቀናት ጨዋታ የለም። ካርታ የሚጫወተውም ጆሮው ውጭ ነው። ስምህ ከተጠራ ሸሚዝህን እየቆለፍክ ትሮጣለህ። የማይጠራው የሚያደርገውን አጥቶ ይንጎራደዳል። ጎረቤቴ ግን ቅዳሜ ገና በጠዋቱ የልብስ ክምር ይዞ ወደ ቧንቧው ይወርዳል። የሰው ልብስ ነው የሚያጥበው። ዋጋው ቁራጭ ሳሙና ወይም አንድ እፍኝ በሶ ነው። «ቅዳሜ ሰው ስለማይኖር ውሃው አይሻማም ጋሼ» ይለኛል። ቧንቧው ከግቢው ጀርባ ነው፤ የጠሪው ድምፅ እዚያ አይደርስም።

ሙያ የለውም እንዳትሉ። የሸማኔ ልጅ ነው። ማረሚያ ቤቱ ውስጥ የሽመና ዕቃ ነበር፣ አራት ወይም አምስት። ጋቢና ነጠላ እየሠሩ የሚሸጡ እስረኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ውስጥ ሆነው ልጅ ያስተምራሉ። ግን ድርና ማጉን የምትገዛው ራስህ ነህ። ለዚያ ብር ያስፈልጋል፣ ብሩን ጠያቂ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ሸማኔው የሰው ካልሲ ያጥባል። አንዳንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ሸማኔዎቹ አጠገብ ይቀመጥና ሲሠሩ ያያል። «ማጉን አላላኸው» ብሎ አንዱን ሲያርም ሰምቼዋለሁ። አልተሳሳተም፤ ሰውየው ፈትቶ እንደገና ሠራው።

በ2011 ክረምት ሳል ያዘው። ክሊኒክ አለ፤ ለራስ ምታትም ለወገብም ያው አንድ ዓይነት ክኒን ነው። ሳይሻለው ሲቀር ከተማ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂድ ተባለ። አጃቢና መኪና እስኪገኝ 11 ቀን ጠበቀ። ሄዶ ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ አይደለም ተባለ፣ ተመስገን አልን፤ ባልዲው ሥር የሚያስል ሰው ነቀርሳ ቢኖረው 60ዎቻችንም ተራ ጠባቂ ነበርን። መድኃኒት ታዘዘለት። እዚያ የለም፣ ከውጭ ይገዛ ተባለ።

ከውጭ ማን ይግዛ?

ማዘዣውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው። ጠዋት ጠዋት አውጥቶ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ማንበብ አይችልም፤ ዝም ብሎ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ወረቀቱ ላብና እርጥበት እየነካው በእጥፋቱ በኩል ተቀደደ፤ የሐኪሙ ጽሕፈት ከሰማያዊ ወደ ግራጫ ሄደ። ለእኔ እንኳ ያሳየኝ በ20ኛው ቀን ነው። «አስቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «የአንተም ሰው በ15 ቀን ነው የምትመጣው፣ ምን ላስቸግር» አለኝ።

ባለቤቴ ስትመጣ ወረቀቱን ልሰጣት አልቻልኩም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ወረቀት ማሳለፍ ክልክል ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ጮህኩላት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አስቡት። «አው! ግ! መን! ቲን!» እያልኩ። አጠገቤ የነበሩት እስረኞች መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ አብረውኝ ጮኹ። እሷ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። የመጀመሪያው ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አልሰጥም አላት፣ ልክ ነው፣ ሥራው ነው። ሁለተኛው ታሪኩን ሰምቶ ሰጣት። እስከሚቀጥለው ጥየቃ ላለመጠበቅ አድራ በማግስቱ አስገባችው። ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን «እትዬ አውግመንቲን» ይላታል። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

ይህንን የምጽፈው ደግ ሰዎች መሆናችንን ለማሳየት አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላም ማዘዣ በኪሱ የያዘ ሰው ነበር። ለሁሉ መጮህ አልቻልንም።

በመጋቢት 2012 ደግሞ ኮሮና አገር ገባ ተባለ፣ ጥየቃ ቆመ። በፌዴራል ደረጃ 4,011 እስረኞች በይቅርታ ሊወጡ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማን። በየክልሉም ሌላ ዝርዝር ወጣ፤ ቀላል ወንጀልና አጭር ፍርድ ለሆነ ነው ተባለ። እኔ የለሁበትም። የወጡት ወጡ፣ የቀረነው ትንሽ ሰፋ ብለን ተኛን። በሁለተኛው ሳምንት ግን የሁላችንም ከረጢት ባዶ ሆነ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ስኳር የነበረው፣ ጭኮ የነበረው፣ ግድግዳ የያዘው፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጠያቂ አልባ ሆንን። እርስ በርስ መነካከስ ጀመርን። በአንድ ቁራሽ ሳሙና የሚደባደብ ትልቅ ሰው አይቻለሁ።

ያልተነካው ጎረቤቴ ነበር። ለእሱ ምንም አልተቀየረም። ካቦው ራሱ «እንዴት ነው የምትችለው?» ብሎ ጠየቀው። የጠዋቱን ዳቦ ግማሹን ብቻ ትበላለህ አለ። ሌላውን ቆራርሰህ ታደርቀዋለህ፣ ማታ ሲርብህ በሻይ ታርሰዋለህ። ሻዩንም በኮዳ ታስቀራለህ። እንጀራውን ከዳር ጀምረህ ትበላለህ፣ ወጥ የነካውን መሃሉን ለመጨረሻ። ከምግብ በፊት ውሃ ትጠጣለህ። ከሰዓት በኋላ ብዙ አትንቀሳቀስም። ስለ ምግብ አታወራም፣ የሚያወራ ካለ ትነሳለህ። ሦስት ዓመት ከምናምን የኖረበትን ነገር በሦስት ሳምንት አስተማረን። ከዚያ በፊት ካቦው አናግሮት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ዘመን ነበር፤ ቁራኛ ይባል ነበር። ለእስረኛው ስንቅ የሚያቀብለውም ዘመድ ነው። ዛሬ ከዚያ የቀረን «በዓይነ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ነው። ከርቸሌም ፈርሷል፤ ዓለም በቃኝ በነበረበት ቦታ ላይ በጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። ሰንሰለቱ ሄደ፣ ግንቡ ፈረሰ። የስንቁ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። ዛሬም አሠራሩ ሁሉ የተሠራው እያንዳንዱ እስረኛ እናት ወይም ሚስት አለችው፣ እሷም ቅርብ ናት በሚል ሐሳብ ነው። በጀት የሚያወጣው ሰው አፉን ሞልቶ አይናገረውም እንጂ የበጀቱን ጉድለት የሚሸፍኑት እንጀራ ጋጋሪዎች ናቸው።

የሕግ ሰው አይደለሁም፤ እስር ቤት ውስጥ ግን ሕግ የማያነብ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት አለው ይላል። የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ ይላል። «ጓደኞቹ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚናገሩ 122 ደንቦች ደግሞ አሉ። የማንዴላ ደንቦች ይባላሉ። ኔልሰን ማንዴላ በእኛ አቆጣጠር በ1954 እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ተይዞ 27 ዓመት የታሰረ ስለሆነ፣ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ደንብ 24 የእስረኛ ሕክምና በነጻ ይሁን፣ ውጭ ላለው ሰው ከሚሰጠው አይነስ ይላል። ደንብ 59 እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ቦታ ይታሰር ይላል።

«በተቻለ መጠን» የምትለዋ ቃል ሰፊ በር ናት፣ አውቃለሁ። ግን የጋሞ ልጅ 15 ዓመቱን ጋሞ አካባቢ ቢታሰር ለመንግሥት ምን ይጎድልበታል? ዳቦው ያው ዳቦ ነው፤ እናቱ ግን በበቅሎም ቢሆን ይደርሳሉ። የታዘዘ መድኃኒት ተቋሙ ራሱ ይግዛ። ከእስረኛ ጉልበት የሚገኝ ገቢ አለ፣ የእንጨትና የብሎኬት ሥራ አለ፣ ከየትም ይምጣ፣ ማዘዣ ኪስ ውስጥ መበስበስ የለበትም። ለሸማኔ ድርና ማግ በዱቤ ይሰጥ፤ ጋቢው ሲሸጥ ይቆረጥበት። ይህ እንኳ ወጪም አይደለም፣ ብድር ነው።

ለአንባቢም አንድ ነገር አለኝ። የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ስንሰማው ያደግነው ነገር ነው። ማኅበር አለን፣ ዕድር አለን፣ ጽዋ አለን። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሰብሰብ ብለው ሰንጋ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ቀን ሥጋ በልተናል። ግን ከካሜራው ጋር መጥተው ከካሜራው ጋር ነው የሚሄዱት። የሚያስፈልገው በወር አንዴ መጥቶ የአንድን ሰው ስም ለይቶ የሚጠራ ነው።

ይህን ስል እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከወጣሁ በኋላ ጎረቤቴን ለመጠየቅ 7 ወር ፈጅቶብኛል። ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ፣ መንጃ ፈቃዴም የለም፣ ብርም የለም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ያንን በር እንደገና ማየት ፈርቼ ነው። በመጨረሻ በነሐሴ 2013 አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ባለቤቴ ድርቆሽ አዘጋጀች። እኔ ከመርካቶ ሁለት ጥቅል ድርና ማግ ገዛሁ።

በሩ ላይ መዝጋቢው «ምኑ ነህ?» አለኝ።

«ጎረቤቱ።»

«ዘመድ አይደለህም?»

«አይደለሁም። ጓደኛው ነኝ።»

«የየት ሰፈር ጎረቤት?»

«የበር ሥር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ አወቀኝ መሰለኝ፣ ጻፈኝ። ፈታሹ ድርቆሹን አገላበጠና «ቅመስ» አለኝ፤ ቀመስኩ። ባለቤቴ 2 ዓመት ከ8 ወር የቀመሰችውን አሰብኩ። ማጉን ምን እንደሆነ አላወቀውም። ጫፉን ይዞ ሳበው፣ መጣለት፣ እንደገና ሳበው። «ሸማኔ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና አስገባው።

ከዚያ አጥሩ ጋ ቆምኩ። በዚህ በኩል ቆሜ አላውቅም ነበር። የጠሪው ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። ስሙን አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ሦስተኛ ሲጠራ ከውስጥ ሌሎች ሰዎችም እየተቀባበሉ ጠሩት። ማንም አልመጣም። ጠሪው ተመልሶ «የለም፣ አይመልስም» አለኝ።

«ቧንቧው ጋ ሂድ» አልኩት። «ቅዳሜ አይደል? ልብስ እያጠበ ነው።»

መጣ። እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። አጥሩ ጋ ከቆሙት ሰዎች ኋላ ቆሞ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ግራና ቀኝ ያያል። እጄን አውለበለብኩ፣ ጮህኩ። ሲያየኝ መጀመሪያ አልሳቀም። እየተጋፋ ፊት ወጣና እርጥብ እጁን ሽቦው ላይ አድርጎ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፣

«ጋሼ! እትዬ አውግመንቲን ደህና ናት?» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር
(ስሜን ዝግጅት ክፍሉ ያውቀዋል)
አዲስ አበባ